ናፖሊንስ አያችሁ?
"የገና ገበያ ከተፈለገ ሰሜን ጣሊያን ብቻ ነው" የሚለው አልተዋጠልኝም። የሰሜኗ ከተማ ቦልዛኖ ታምራለች፣ አልክድም፤ ግን የኦስትሪያ መንፈስ ይበዛባታል። ደቡብ ጣሊያን፣ ናፖሊ ሄዳችሁ ሳን ግሬጎሪዮ አርሜኖን እዩ። ጠባብ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙን የሸክላ የልደት ምስሎች ሞልተውታል። በግ የተሸከመ እረኛ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ማራዶና ሳይቀር! አንድ ሽማግሌ አውራ ጣት የምታህል የዓሣ ሻጭ ምስል ቅንድቧን በቀጭን ብሩሽ ሲቀባ ቆሜ አየሁ። እጁ ፍንክች አይልም። እሷኑ ገዛኋት። ዲሴምበር ላይ ቅዳሜና እሑድ መተላለፊያ የለም፤ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። ከላይ "ሕፃኑ ኢየሱስ የሌለበት የልደት በረት ሸጡልኝ" ላልሽው እህቴ፦ አላታለሉሽም። እነሱ ዘንድ ሕፃኑ በረቱ ውስጥ የሚገባው ዲሴምበር 24 ሌሊት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚሸጠው።