እርማት፦ የቪቢኤ «ኤንድ» መጀመሪያው ሐሰት ላይ አይቆምም

«በኢፍ (If) ውስጥ ሁለት ሁኔታዎችን በኤንድ (And) ካያያዝን፣ የመጀመሪያው ሐሰት ሲሆን ሁለተኛው አይሰላም» የሚለው ምክር ለኤክሴል ማክሮ ስህተት ነው። ማክሮው የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ቪቢኤ፣ ሁለቱንም አስልቶ ነው የሚወስነው። ከጃቫ ወይም ከሲ ሻርፕ የመጣ ሰው የለመደው አቋራጭ እዚህ የለም፤ «ኤንድአልሶ»ም የቪቢ ዶት ኔት እንጂ የቪቢኤ አይደለም።

ኤ1 ዜሮ አለመሆኑን ጠይቆ፣ በዚያው መስመር ቢ1 ለኤ1 ሲካፈል ከ5 መብለጡን የሚያጣራ ኢፍ እንውሰድ። ኤ1 ዜሮ ወይም ባዶ፣ ቢ1 ደግሞ 20 ከሆነ ማክሮው በስህተት ቁጥር 11 ይቆማል፤ በዜሮ ማካፈል ማለት ነው። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ግን የሚመጣው ስህተት ቁጥር 6፣ ኦቨርፍሎው (ቁጥሩ ከተሰጠው ቦታ በላይ ሆነ የሚል) ነው። ይሄኛው ክፉኛ ያሳስታል፤ ሰው ችግሩን ትቶ ኢንቲጀሩን ትልቅ ቁጥር ወደሚይዘው ዓይነት፣ ወደ ሎንግ፣ ሲቀይር ይውላል። ፋይንድ (የመፈለጊያው ትእዛዝ) ሴል ማግኘቱን ጠይቆ በዚያው መስመር የሴሉን ዋጋ መጠየቅም፣ ሴሉ ካልተገኘ ስህተት 91 ያመጣል።

መፍትሔው ኢፍ ውስጥ ሌላ ኢፍ ማስገባት ነው፦ ውጪኛው ዜሮ አለመሆኑን ብቻ ይጠይቅ፣ ማካፈሉ ወደ ውስጠኛው ይግባ። እንደ ሁኔታው ከሁለት መልሶች አንዱን የሚሰጠው የቪቢኤ ፋንክሽን «አይኢፍ» (IIf) አያድንም፤ እሱም ሁለቱንም መልሶች ያሰላል። ሴል ላይ የሚጻፈው የኢፍ ፎርሙላ ግን የሚፈለገውን ብቻ ነው የሚያሰላው፤ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከዚያ ይመስለኛል።