ጥረው ግረው ለተወለዱት

ስለ ችግር ማውራት ድሃ አያውቅበትም። ሲጠይቁት ያማርራል፣ ወይ ዝም ይላል። ሙያው ያለው ባለጸጋ የፖለቲካ ቤተሰቦች ዘንድ ነው። እጅ እነሳለሁ።

ሚት ሮምኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ለአሜሪካ ፕሬዝዳንትነት ሲወዳደሩ ባለቤታቸው አን በፓርቲው ጉባኤ ላይ ቆመው የትዳራቸውን መጀመሪያ ተረኩ። ቤታቸው ምድር ቤት። ማጥኛ ጠረጴዛቸው በእንጨት እግር ላይ የተጋደመ በር። የሚበሉት ደግሞ ታጣፊ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ላይ! አንጀቴን በሉት። መተኮሻ ላይ ሰሃን ያስቀመጠ ያውቀዋል፤ ጠባብ ነው፣ ክርን አያሳርፍም፣ ትንሽ ከተደገፉት ይወዛወዛል።

ታሪኩን ማበላሸት አይሁንብኝና፣ እኚሁ ወይዘሮ በ1994 ለጋዜጣ እንደነገሩት ያኔ በትዳራቸው መጀመሪያ ሁለቱም ሥራ አልነበራቸውም። አክሲዮን በትንሽ በትንሹ እየሸጡ ነበር የሚኖሩት። አክሲዮኑ ለሚት በየዓመቱ በልደታቸው ከሚሰጠው ገንዘብ አባታቸው የገዙላቸው ነው። አባትየው የመኪና ኩባንያ መሪ፣ ኋላም የሚሺጋን ገዥ ነበሩ። ታዲያ ምን አለበት? አክሲዮን መሸጥም እኮ ልፋት ነው። ዛሬ የቱን ልሽጥ ብሎ መጨነቅ አለ።

የብሪታንያው ሪሺ ሱናክ ይባስ አሳዘኑኝ። በ2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ የዲ-ዴይን፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኖርማንዲ ማረፊያ ውጊያን፣ 80ኛ ዓመት መታሰቢያ ሳይጨርሱ ተመልሰው ለቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ተቀመጡ። በልጅነትዎ ምን ቀረብዎት? ተባሉ። ብዙ ነገር፣ አሉ። ለምሳሌ? ስካይ ቴሌቪዥን፣ ያ በክፍያ የሚታየው የሳተላይት ቴሌቪዥን። ወላጆቻቸው ገንዘባቸውን ለትምህርት ስላዋሉት ነው። ትምህርት ቤቱ ዊንቸስተር ኮሌጅ ነው፤ ከአገሪቱ ውድ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አንዱ። ዲሽ ያልተሰቀለበት ያ ባዶ ግድግዳ እስካሁን በዓይኔ ላይ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ የጦርነቱ ወታደሮች እንኳንም ቀደም ብለው ለቀቋቸው፤ ይህን ሳንሰማ ብንቀር ኖሮስ?

ዶናልድ ትራምፕ በ2015 ቀላል አልሆነልኝም፣ አባቴ ትንሽ ብድር ሰጠኝ አሉ። 1 ሚሊዮን ዶላር። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2018 ሲቆጥረው ከአባት የመጣው በዚያው በ2018 ዋጋ ቢያንስ 413 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ ተገኘ። ትሑት ሰው እንዲህ ነው፤ የተደረገለትን ሁሉ አያወራም።

ሙያውን ያሰደበ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ጆን ኬኔዲ። በ1958 በአንድ የእራት ግብዣ ላይ ከአባቴ ቴሌግራም ደረሰኝ ብለው ቀለዱ። ከሚያስፈልግህ በላይ አንድም ድምፅ እንዳትገዛ፣ በሰፊ ልዩነት እንድታሸንፍ ብዬ አልከፍልም ይላል አሉ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ምን ዓይነት ነውር ነው? የአባት ገንዘብ እንዲህ በአደባባይ ይጠራል? ያን ሁሉ ሀብት ይዘው አንድ መተኮሻ አጥተው ነው?