የሰው እጅ የነካውን ጫጩት እናቱ ትጥለዋለችን?

በጎንደር ቤቶች የቆርቆሮ ክዳን ሥር ጎጆ ከሚሠሩት ድንቢጦች ጫጩት ሲወድቅ፣ «የሰው እጅ ከነካው እናቱ ጠረኑን አሽትታ ትጥለዋለች» የሚል አስተያየት በብዛት ስለሚሰጥ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ። ወፎች ጫጩቶቻቸውን ለመመገብ የሚመሩት በዋናነት በጎጆው ቦታና በጫጩቶቹ ጩኸት እንጂ በጠረን ስላልሆነ፣ አንድ ጊዜ መነካቱ ብቻ አያስጥለውም፤ ይልቁንም ወላጆቹን የሚያርቃቸው ጎጆውን ደጋግሞ መነካካት ነው። በዚህ እምነት የተነሣ ግን ላባ ያላወጣ፣ ሊድን ይችል የነበረ ጫጩት መሬት ላይ በብርድ ይሞታል፤ ይህም እጅግ ያሳዝናል። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ጫጩቱን ቀስ አድርጎ ወደ ጎጆው ይመልሰውና፣ እጁን ታጥቦ፣ ራቅ ካለ ስፍራ በጸጥታ ይመልከት፤ ብዙውን ጊዜ ወላጆቹ ምግብ ይዘው ሲመለሱ ያያል። ላባው የተሟላና የሚዘል ከሆነ ግን መብረር በመለማመድ ላይ ስለሆነ፣ ድመት ከማይደርስበት ቁጥቋጦ ላይ ማስቀመጡ ይበቃል።