ጣና ከነጥቅማጥቅሙ

የባሕር ዳር ሰው ዓሣ ሲገዛ ቀልድ አያውቅም። ቆሮሶውን አገላብጦ ያያል፣ ያሸታል፣ «የዛሬ ነው የትናንት?» ይላል። ዋጋው ካልጣመው ጥሎ ይሄዳል፤ ብዙ ሳይራመድ ተጠርቶ ይመለሳል። ይኸው ሰው ሥራ ሊቀጠር ሲገባ ግን አንገቱን ደፍቶ አንድ ቁጥር ይሰማና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይወጣል።

ደፍሮ ቢጠይቅም አሠሪው መልስ አያጣም። ጣና አለለት። አንድ ጓደኛዬ ሐይቁ ዳር ካለ ሎጅ 15,000 ብር ቀረበለት። «ትንሽ ቢሻሻል...» ብሎ ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ብድግ አሉና መጋረጃውን ገለጡ። «ይህን አየር አዲስ አበባ በስንት ታገኘዋለህ?» ጓደኛዬ አፈረ። ፈረመ።

ወሩ ሲያልቅ የሥራ ግብር 3,200፣ ጡረታ 7 በመቶ 1,050 ተቆርጦ እጁ የገባው 10,750 ሆነ። «ተበላሁ!» አለ። ልብ በሉ፣ የተቀጠረው ለሒሳብ ሥራ ነው። አሠሪው ደግሞ በላዩ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,650 ብር፣ በየወሩ ለጡረታው እንደሚከፍልለት የነገረው የለም። ሰውየው ከመጋረጃው ይልቅ ይህንን ቢገልጡ ይሻላቸው ነበር።

የትርፍ ሰዓቱም ጉዳይ አልተነሣም። ሎጅ የሚደምቀው እሑድና በዓል ነው። ሕጉ በሳምንት ዕረፍት ቀን ለሠራ የሰዓቱን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ለሠራ ሁለት ተኩል እጥፍ ይላል። የእኛ ሰው ለጥምቀት ሲደምር ሲቀንስ ዋለ። ማታ የተሰጠው «በርታ» የሚል ቃልና የተረፈ ክትፎ ነው። ክትፎው ጥሩ ነበር፤ እኔም ቀምሼዋለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን መሆኑንም የሰማው ከዘበኛው ነው።

ቤት አከራዩ በበኩላቸው ኪራይ ጨመሩ። «ሐይቁ እኮ እዚሁ ነው» አሉ። ደመወዝ ላይ የሚያስቀንስ ጣና ኪራይ ላይ ሲደርስ ያስጨምራል።

በወጉ የጠየቁት እናቱ ብቻ ናቸው።

«ምሳ ይሰጣሉ? ሰርቪስ አላቸው? ብትታመምስ ማን ያሳክምሃል?»

አንዱንም አያውቀው።

«እማ፣ አየሩ ግን አሪፍ ነው» አላቸው።

«እሱንማ ደጄ ተቀምጬ በነፃ እስበው የለ!»