ለፍሪጅ በር ሐኪሞች ምስጋና ሲያንስ ነው

ሰው ዓመታት ሙሉ ሕክምና የሚማረው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። የልጅ ጉንፋን ለማከም እኮ የፍሪጅ በር መክፈት ይበቃል። እዚያ፣ ከእንቁላሉ ጎን፣ ታላቅየው ያኔ ጆሮውን ሲታመም የታዘዘለት አሞክሳሲሊን የሚባል የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ቆሟል። ጨርሱት የተባለውን በሁለተኛው ቀን አቁመን ያተረፍነው ነው። አፉ ደርቆ፣ ክዳኑ ተጣብቆ ተራውን ይጠብቃል።

በየቤቱ ይህን በር የሚከፍት አንድ ባለሙያ አይጠፋም። የኛ ቤት ባለሙያ አክስቴ ናቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ዓመት ተኩል የሆነው ትንሹ ልጄ ሲያስነጥስ የመጀመሪያውን ቀን ዝም አሉ። ሁለተኛውን ታገሱ። በሦስተኛው ቀን ንፍጡ ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ሲዞር ግን ምርመራው አለቀ። "ይኸው፣ ኢንፌክሽን ሆኗል!" አሉ። ላብራቶሪ የለ፣ ወረፋ የለ፣ ሶፍቱን ገልጦ አይቶ ብይን መስጠት ነው። በጉንፋን መሃል ንፍጥ ቀለሙን የሚቀይረው ሰውነት ቫይረሱን እንዲዋጉ የላካቸው ነጭ የደም ሴሎች ስለሚከማቹበት ነው፣ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ባክቴሪያ ገብቷል ማለት አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ። ሐኪሞች ናቸው፤ ምን ያውቃሉ።

እነዚሁ ሰዎች ጉንፋን የሚያመጡ ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው ይላሉ። አንቲባዮቲክ ደግሞ ባክቴሪያን እንጂ ከነዚህ አንዱንም አይነካም። ተራ ሰው ይህን ሲሰማ ጠርሙሱን ወደ ቦታው ይመልሳል። አክስቴ ግን ተራ ሰው አይደሉም። "እሱ ለሌላው ነው፣ ይሄኛው ጠንከር ያለ ነው" ብለው ጠርሙሱን ይነቀንቁት ጀመር።

አነቃነቃቸውን ብታዩት! መጠኑ በልጁ ክብደት ይሰላል፣ በመለኪያ ይሰጣል የሚባለው ዓይን ለሌለው ነው። አክስቴ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አንዴ አዩት፣ እጃቸው የደረሰበትን ማንኪያ አነሱ፣ "ደንደን ብሏል፣ አንድ ተኩል ይችላል" አሉ። የአሞክሳሲሊን ዱቄት አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ ቢበዛ 14 ቀን ነው የሚቆየው። የኛው ጠርሙስ የአንድ ዓመት ልደቱን ሊያከብር ነው። በሁለተኛው ቀን ልጁ ፈገግ ሲል መስጠቱን አቆሙ። ምን ያድርጉ፣ ቁጠባ ነዋ! ትንሽ ልጅ በዓመት ስድስት ሰባቴ ጉንፋን ቢይዘው የተለመደ ነው፣ ለቀጣዩ መትረፍ አለበት።

በማግስቱ ተቅማጥ ጀመረው። አንቲባዮቲክ የሆድ ውስጥ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችንም አብሮ ስለሚያጠፋ ተቅማጥ ያመጣል ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት አክስቴ ቀደሙኝ። "እሰይ! በሽታው እየወጣለት ነው።"

ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ አክስቴን ሳያውቃቸው አልቀረም። በ1945 የኖቤል ንግግሩ፣ አንድ ቀን ይህ መድኃኒት በየሱቁ ይሸጥ ይሆናል፣ ያኔ የማያውቅ ሰው በራሱ ፈቃድ ጥቂት ጥቂት እየወሰደ ተህዋሲያኑን ሳይገድላቸው ያለማምዳቸዋል ብሎ ሰጋ። ምሳሌም ጨመረበት፤ ጉሮሮውን ያመመው ሰውዬ ለራሱ ትንሽ ፔኒሲሊን ይወስዳል፣ የተላመዱትን ለሚስቱ ያስተላልፋል፣ ሚስቲቱ በሳንባ ምች ትታመምና መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ ትሞታለች። ሰውዬው ሟርተኛ ነበር ልበል? እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደገደሉ ተገምቷል። ልጆቻችንን ለማስተማር ስንት ደፋ ቀና እንላለን፣ ባክቴሪያን ግን ያለ ምንም ክፍያ ፍሪጃችን ውስጥ እናሠለጥናለን። ከዚህ በላይ ቸርነት ከየት ይምጣ።

ለማንኛውም ፈሪ ስለሆንኩ ልጁን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እንዴት ያለ ቅሌት መሰላችሁ፣ ሐኪሟ ምንም ሳታዝልኝ መለሰችኝ። አፍንጫው ሲታፈን የጨው ውሃ ጠብታ አድርጊበትና ሳቢለት፣ የሚጠጣ ነገር ቶሎ ቶሎ ስጪው፣ ሳሉ ሌሊት ካስቸገረው ዓመት ስላለፈው ከመኝታ በፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ትችያለሽ (ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ክልክል ነው፣ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል)፣ የሳል ሽሮፕም አስፕሪንም እንዳትሰጪ፣ ቤተሰቡ እጁን በሳሙና 20 ሰከንድ ይታጠብ፣ አለቀ። ይሄ ምኑ ሕክምና ነው? ለዚህ ነው ወረፋ የጠበቅኩት? ነጭ ወረቀት ይዞ ያልተመለሰ ሰው ሰፈር ውስጥ ምን ብሎ ያወራል?

አንድ ነገር ግን አስጨነቀችኝ። ሲተኛ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ አለችኝ። በሱ ዕድሜ 40 ከደረሰ፣ ወይ ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ወይ መጠጣት እምቢ ካለ በሌሊትም ቢሆን አምጪው። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሲሆን ደግሞ 38 ዲግሪ ትኩሳት ብቻውን በቂ ምክንያት ነው ብላለች። እናም ሌሊት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የስልኬን ሰዓት እያየሁ እቆጥራለሁ። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት... ከኋላዬ ጠርሙስ ሲነቀነቅ ሰማሁ። ቁጥሩ ጠፋኝ። እንደገና ጀመርኩ። 29 ሆነ። አክስቴ በሐዘኔታ አዩኝ፤ መድኃኒት እያለ ትንፋሽ የሚቆጥር ሰው አይተው አያውቁም።

በስምንተኛው ቀን ልጁ ቤቱን ሲያተራምስ ዋለ። ሳል ሳል ይለዋል፣ እሱ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይም አያስገርምም ተብያለሁ። ጉንፋን እንዲያውም ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ በራሱ ይለቃል። ይህን ጮክ ብዬ አላልኩም። ምስጋናው ቀድሞ ተሰጥቶ ነበር፤ አክስቴ ጠርሙሱን በጨርቅ ጠርገው፣ ከሥሩ የቀረችውን ሁለት ጣት ያህል ሽሮፕ ወደ ብርሃን አንስተው አይተው፣ "ልጁን ያተረፈልን ይሄ ነው" ብለው ወደ ቦታው መለሱት።

ማታ ጎረቤታችን መጣች። ልጇ ከትናንት ጀምሮ ያስነጥሰዋል፣ አፍንጫውም... አክስቴ አላስጨረሷትም።

"ቀለሙ ምንድን ነው?" አሏት፣ አንድ እጃቸው የፍሪጁ በር ላይ እንዳለ።