ከፍቅር ልብ ወለዱ ይልቅ የፈጠራ ተአምሩ ያስፈራ

በሰንበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ልብ ወለድ ይግባ ሲባል «ውሸት በቤተ ክርስቲያን ምን ይሠራል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነቢዩ ናታን ዳዊትን መጀመሪያ ያስቆጣው፣ ኋላም «በድያለሁ» ያሰኘው በመንደር ባልነበረች አንዲት በግ ታሪክ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድም ቢሆን ለቤተ ክህነት ባዕድ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የእንጦጦ ራጉኤል ተማሪ ነበሩ፤ ሐዲስ ዓለማየሁም ፊደል ቆጥረው ቅኔ የተማሩት በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ነው። ስለዚህ ይግባ አይግባ የሚለውን እንለፈውና የትኛው ይግባ ወደሚለው እንምጣ፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የተለመደው ማጣሪያ ቀላል ነው፤ መሳም ያለበት ይወድቃል፣ ሽፋኑ ላይ መስቀል የተሳለበት ያልፋል። በእኔ እምነት የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ሁለተኛው ነው። ደራሲው አንድ ራእይ ከልቡ ይፈጥራል፤ ለእመቤታችን ወይም ለአንድ ጻድቅ ያልተናገሩትን ቃል ይሰጣል፤ እውነተኛ የገዳም ስም ይጨምርበታል። ገድልና ተአምር ሲነበብ ቆሞ እየሰማ ያደገ ወጣት ይህን የሚቀበለው በልብ ወለድ ጆሮ አይደለም። መጽሐፉን በመለሰ በሳምንቱ ታሪኩን ለጓደኛው ሲነግር «ተደረገ» ብሎ ይነግራል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ሊመልሰው ነው? መጽሐፉን ከቤተ ክርስቲያን መውሰዱ ደግሞ እንደ ማኅተም ይቆጠርለታል።

እንግዲህ ቅዱሳንን የሚያናግር ልብ ወለድ ከተገኘ፣ ምንም ጨዋ ቢመስል፣ ከአጥቢያው መምህራን አንዱ ከዳር እስከ ዳር ሳያነበው መደርደሪያ ላይ አይውጣ። «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ሽፋን ያለው፣ የቱ እውነት የቱ ፈጠራ እንደሆነ ግን በመቅድሙ የማይናገር መጽሐፍ ባይገባ ይሻላል። የገባውም ከገድላትና ከስብከት መጻሕፍት መደርደሪያ ይለይ፤ ጀርባው ላይ «ልብ ወለድ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበት፤ የውስጥ ርእስ ገጹ ላይም ይኸው ማኅተም ይመታበት። ጀርባው ላይ ብቻ ከሆነ ወረቀቱ ተልጦ ይወድቃል። ድግምትን አወግዛለሁ ብሎ የድግምቱን አሠራር፣ ከነቅጠሉ ከነቃሉ፣ የሚዘረዝረውም አይግባ።

ንባቡን ለአንድ ሰው መተው አይበጅም። አንዱ ከትምህርት ክፍል፣ አንዱ መምህር ወይም ሰባኬ ወንጌል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአባላቱ መካከል ልብ ወለድ ማንበብ የሚወድ ሰው ቢሆኑ ጥሩ ነው። ይህ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሳይወዱ የሚያነቡ ሁለት ሰዎች ግን የሚመርጡት መጽሐፍ ማንም የማይዋሰው ስብከት ይሆናል። እያንዳንዱን መጽሐፍ ቢያንስ ሁለቱ ሙሉውን ያንብቡት። ባለ 250 ገጽ መጽሐፍ በሰዓት 30 ገጽ ቢነበብ ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ኮሚቴው በወር ከ3 ወይም ከ4 መጻሕፍት በላይ አጣርቻለሁ ካለ አላነበበም ማለት ነው። የመጀመሪያውን 30 ገጽና የመጨረሻውን ምዕራፍ አይቶ መፍረድ ደግሞ በጣም የሚያታልል አቋራጭ ነው። 270 ገጽ ዝሙትን እያጣፈጠ ተርኮ በመጨረሻዎቹ 10 ገጾች ባለታሪኩን ንስሐ የሚያስገባ መጽሐፍ በዚህ መንገድ ያልፋል። አንባቢው ልብ ውስጥ የሚቀረው ግን የቱ ነው?

መመዘኛው ኃጢአት አለበት ወይ መሆን የለበትም፤ መጽሐፈ ሳሙኤልም አለበት። ኃጢአቱ ዋጋ ያስከፍላል ወይስ ያለ ዕዳ ይቀራል? የተበደለው ሰው ፊት ይታያል ወይስ ተረስቷል? የሚያጠራጥረው ቦታ ገጹ በወረቀት ይመዝገብ፤ «ደስ አላለኝም» የሚል ብቻ ውሳኔ አይሆንም።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። ካህናትን ያማል፣ ከባለታሪኮቹ አንዱ ጉዱ ካሳ ያልነካው ሥርዓት የለም፣ ስለዚህ አይግባ የሚል አይጠፋም። እኔ ግን በወጣቶች ክፍል፣ ያውም በሁለት ቅጂ፣ መኖር አለበት ከሚሉት ነኝ። የቆሎ ተማሪን ኑሮ፣ የዜማና የቅኔ ቤቱን ድካም ያን ያህል ከውስጥ ሆኖ የሚያሳይ ልብ ወለድ ማግኘት ይከብዳል። ዋናው ቁም ነገር ደግሞ የባለታሪኩ የበዛብህ ስለት ነው፤ ወላጆቹ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ብለው ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት፤ ዕዳው የልጁ ሆነ። ከሐና ስለትና ከዮፍታሔ ስለት ጋር አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ መምህር ባለበት ቢወያዩበት ከአንድ ወር ጉባኤ የማያንስ ትምህርት ይወጣዋል። በዕድሜ ከወጣቶቹ ለሚያንሱት ለማዕከላውያን ክፍል ግን አይሰጥም፤ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ርዝመቱም ሐዘኑም ከዕድሜያቸው በላይ ስለሆነ።

ለመጀመር 50 ወይም 60 መጻሕፍት ይበቃሉ፤ አንድ ሜትር ገደማ መደርደሪያ ይሞላሉ። በካርቶን የሚመጣ ስጦታ ሲመጣ «ተቀብለን እናያለን፣ ያልሆነውን ለሌላ እናስተላልፋለን» ብሎ ከመረከብ በፊት መናገር ነው፤ ኋላ ሰጪው መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ ሲያጣ ይቀየማል። በቴሌግራም የወረደ መጽሐፍ አትሞ ጠርዞ ማስቀመጥ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀውን የደራሲ መብት መንካት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ማኅተም ሲመታበት ይብሳል። ከመንገድ የተገዛም ከሆነ ገጾቹን ቆጥሮ መረከብ ያስፈልጋል፤ ኮፒው ላይ 16 ወይም 32 ገጽ ጎድሎ የሚገኝበት ጊዜ አለና።

መዝገቡ ላይ ደራሲው በራሱ ስም ይግባ፤ የአባት ስም ወደፊት አይምጣ። «ብላቴን ጌታ»ና «አለቃ» የመሰለው ማዕረግም በፊደል ተራ አይቆጠር። ትልቁ ራስ ምታት ሞክሼ ፊደል ነው፤ ኃይሉ አንድ ቦታ በ«ኀ»፣ ሌላ ቦታ በ«ሀ» ከተጻፈ አንድ ደራሲ ሁለት ሰው ይሆንና መጽሐፉ እያለ «የለም» ይባላል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንደ አንድ ይቆጠሩ፤ ሠና ሰ፣ ዐና አ፣ ፀና ጸም እንዲሁ። ትርጉም ከሆነ የተርጓሚው ስም አብሮ ይጻፍ፤ «ተተርጉሞ» እና «ተዛምዶ» የተባለው ይለይ፤ ሁለተኛው ላይ ተርጓሚው የራሱን ስብከት ጨምሮ ሊሆን ስለሚችል ለማጣራት የባሰ ጊዜ ይወስዳል።

ያልተቀበሉት መጽሐፍም በመዝገብ ይቀመጥ፤ ርእሱ፣ ያነበቡት ሰዎች ፊርማ፣ ያከራከረው ገጽና ምክንያቱ በሁለት መስመር። ኮሚቴው በተቀየረ ቁጥር ያው መጽሐፍ በሌላ ካርቶን ተመልሶ ይመጣል።