ላይት ስፓሪንግ (ለስለስ ያለ የልምምድ ፍልሚያ) ነው የተባለው እኮ ወገን!

ዛሬ ካልተነፈስኩት ጎኔ ብቻ ሳይሆን ሆዴም ሊያብጥ ነው። ከስራ ወጥቼ ያንን የታክሲ ሰልፍ ችዬ ቴኳንዶ የምሄደው ላብ ላወጣ፣ የቀኑን ጭንቀት ላራግፍ ነው እንጂ ከሰው ጋር ደም ልቃባ አይደለም።

አይቲኤፍ የሚባለውን የቴኳንዶ ዘርፍ ነው የምንሰራው። እንደ ሌላው ዘርፍ እንደ ወርልድ ቴኳንዶ ደረት ላይ መከላከያ አናስርም፣ ፊት ላይ ቡጢም ይፈቀዳል፣ ስለዚህ በሰላም ቤትህ መግባትህ ያለው አብሮህ በሚሰራው ሰው ጭንቅላት ላይ ነው። ማስተር (አሰልጣኛችን) ላይት ካለ ንካና መልስ ነው፣ አለቀ። ውድድር ላይ ራሱ ከልክ በላይ ከመታህ እኮ ነጥብ ይቀነስብሃል!

አንድ ልጅ አለ፣ ቀይ ቀበቶ። ስሙን አልጠራም፣ የክለቡ ልጆች አውቃችሁታል። ስንጀምር ተሰልፈን መሃላ እንምላለን አይደል፣ ከአምስቱ መርሆች አንዱ ራስን መቆጣጠር ነው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ የበለጠ ሰላማዊ ዓለም እገነባለሁ እንላለን፣ እና ከሁላችን በላይ የሚጮኸው እሱ ነው፣ አዳራሹን ያናጋዋል። ከዛ የማሟሟቂያው ላብ ሳይደርቅ ሰላም ገንቢው በዮፕ ቻጊ (በጎን እርግጫ) የጎን አጥንቴን ያፈርሰዋል። ቀይ ቀበቶ የአደጋ ምልክት ነው፣ ለባለቤቱ ራስህን ግታ፣ ለተጋጣሚው ራቅ በል ማለት ነው ተብሎ ተምረናል። ልጁ ሁለተኛዋን ብቻ ነው የያዛት።

የሚያቃጥለኝ ግን ምቱ አይደለም። "ቀስ በል ወንድሜ" ስለው "እሺ እሺ ይቅርታ" ይላል፣ ጓንት እንነካካለን፣ እኔ አንዷን ዶልዮ ቻጊ (የዙር እርግጫ) ለስለስ አድርጌ ሆዱ ላይ ሳሳርፍ ግን ፊቱ ይለወጣል። 2 ነጥብ እኮ ናት፣ ያውም ማንም በማይቆጥርበት! ክብሩ የተደፈረ ነው የሚመስለው፣ በተለይ ሰው እያየ ከሆነ። ከዛ በኋላ የሚመጣውን ቅልጥሜ ይመስክር። እግሩን ወርውሮ ክርኔ ላይ ራሱን ሲመታ ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነው፣ "ክርንህን አትስጠኝ" ይለኛል። እኔ ነኝ የሰጠሁት?

ስትቆጣው መልሱ የታወቀ ነው፣ "ላንተው ብዬ ነው፣ መንገድ ላይ ማንም ቀስ አይልህም"። የምን መንገድ ነው? እኔ አካውንታንት ነኝ! መንገድ ላይ የሚያጋጥመኝ ስልክ ነጣቂ ነው፣ እሱ ደግሞ ሞተር ላይ ነው፣ በየትኛው ቻጊ ነው የምደርስበት?

ሴቶቹ ደግሞ የባሰ ነው ያለባቸው። አንዷ አረንጓዴ ቀበቶ እንዳለችኝ ግማሹ "እህቴ አንቺንማ እንዴት እመታለሁ" ብሎ እንደ ምሰሶ ይቆምባታል፣ ሌላው ጭንቅላቱን በእግሯ ስትነካው ያችን 3 ነጥብ ካላስመለሰ እንቅልፍ አይወስደውም። ልምምድ የሚባለው ነገር የቱ ጋ ነው?

የእርግጫ መለማመጃ ፓድ ይዞ ስልኩን የሚያየውን፣ በገባ በወሩ "እግርህን አዙር እንጂ" እያለ የሚያስተምረውን፣ ዶቦኩን (የልምምድ ልብሱን) ከገዛ ጀምሮ ውሃ ያላስነካውን (ይሄ እንኳን መሃላው ውስጥ ቢካተት ደስ ይለኛል) ሁሉንም እችላለሁ በእውነት። ከነሱ ጋር ቢያንስ ጠዋት ከአልጋዬ እነሳለሁ። ባለፈው ወጌሻ ጋ ሄጄ ጣቴን እያሸ "ውድድር ነበር?" አለኝ፣ "ኧረ ልምምድ ነው" ስለው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ማስተርስ አያይም ወይ ትሉኛላችሁ። ያያል! "ያጠነክርሃል" ነው የሚለው። አዲስ የሚመጡት ልጆች መመዝገቢያ ከፍለው፣ ዶቦክ ገዝተው፣ ከዚህ ልጅ ጋር ሲመደቡ በሳምንቱ ድራሻቸው ይጠፋል፣ ማስተር ደግሞ የዘንድሮ ልጆች ጽናት የላቸውም ብሎ እኛን ቁጭ አድርጎ ይመክረናል። አንዱን ልጅ ለብቻው ጠርቶ ቢናገረው እኮ አዳራሹ ይሞላ ነበር፣ ኪራዩም ባልከበደው።

ይሄን እየጻፍኩ ልጁ በቴሌግራም "ጀግናው ሰኞ እንዳትቀር" ብሎ የጡንቻ ስቲከር ላከልኝ። አይቼ ዝም ብዬዋለሁ።